ለጋሽ ከማል ገንዳ የመረጥኩት ሴራሚክ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤታችን በአዳራሹ ትንሽ ድግስ ደግሶልኝ ነበር። ለስላሳ፣ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ፤ ከመድረኩ ጀርባ ደግሞ ስሜ የተጻፈበት ጨርቅ። ኃላፊያችን ማይክራፎን ይዘው ተነሡና «አቶ አሰፋ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አንድም እንከን ያልተገኘባቸው ባለሙያ ናቸው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጎረቤቴ መምህር ሙሉቀን ተቀምጦ ነበር። እሱም አጨበጨበ። ሰው ሁሉ ካቆመ በኋላ እንኳ ቀጠለ፤ ሚስቱ ፀሐይ ናት እጆቹን ቀስ ብላ ይዛ ጭኑ ላይ ያስቀመጠችለት።

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኃላፊው ያውቃሉ። ያጨበጨበው ሰው ሁሉ ያውቃል። ሙሉቀንን እንደዚያ ያደረገው እኔ መርጬ ያስነጠፍኩት የመዋኛ ገንዳ ወለል መሆኑን ከተማው በሙሉ ያውቃል።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ምስጢር ላወጣ አይደለም። ጋምቤላ ውስጥ ደግሞ ምን ምስጢር አለና! የምጽፈው ሰዎቹ በይሉኝታ የዘለሉትን እኔም አብሬ መዝለል ስላቃተኝ ነው። ስለ ሥራ ዘመኔ ከተወራ ሙሉው ይወራ።

ሙያዬ የማጠናቀቂያ ሥራ ነው፤ ልስን፣ ሊሾ፣ ሴራሚክ። ግንበኛው ቤቱን ያቆመዋል፣ እኛ ሰው ዓይኑን የሚጥልበትን እንሠራለን። የብረቱን ጥንካሬ ማንም አያይም፤ የልስኑን ጠማማነት ግን መንገደኛው ሁሉ ያያል። በዚህ ሙያ የሚኖር ሰው «ምን ይሉኛል» የሚል ነገር ሳያውቀው ይጠናወተዋል። እኔን በደንብ ነው የተጠናወተኝ።

ከደጋ ወደ አቦቦ የወረድኩት ገና ጢሜ ሳይወጣ ነው። የእህል መጋዘን ይሠራ ነበርና የቀን ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። ሙቀቱ አናቴን ሊፈነቅለው ደረሰ። ሌላው ሲሚንቶ ሲያቦካ እኔ የዛፍ ጥላ ሳሳድድ ፎርማኑ ያዘኝ። ጋሽ ታደሰ ይባላል፤ አጠር ያለ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የማይጠፋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው።

«አንተ ጥላ ወዳድ» አለኝ። «ና እስቲ ይህን አሸዋ ቅመሰው።»

«አሸዋ ይበላል እንዴ?»

«ማን ዋጠው አለህ? አኝከው።»

አኘክሁት። ምላሴ ላይ ተለጠፈ። ከሌላ ክምር ደግሞ ሰጠኝ፤ ያኛው ጥርሴ ሥር ቀጭ ቀጭ አለ። «የለጠፈብህ ጭቃ አለበት፣ ልስኑን ይሰነጥቀዋል። ቀጭ ያለው ንጹሕ ነው» አለና ሄደ። በዚያው ቀን ከቀን ሠራተኝነት ወደ እሱ ረዳትነት ዞርኩ። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከእሱ ነው፤ እና ያጠፋሁትም እሱ ያስተማረኝን ግማሽ ብቻ ሠርቼ ነው።

ጋሽ ታደሰ ዕቃ በሱቅ ውስጥ አይመርጥም። ሴራሚክ ሊገዛ ሲሄድ አንዱን ያነሣና ወደ ፀሐይ ይወጣል። ውሃ ያፈስበታል። ከዚያ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ይቆምበትና ተረከዙን ያዞራል። ነጋዴዎቹ ይናደዱበት ነበር። «ጋሽ ታደሰ፣ ሊገዙ ነው የመጡት ወይስ እግርዎን ሊታጠቡ?» ይሉታል። እሱ አይመልስም፤ ሴራሚኩ እስኪደርቅ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ደርቆ ደግሞ ያየዋል። እኔን ደጋግሞ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ዕቃው የሚኖርበትን ቦታ አስመስለህ ሳታየው አትውሰድ። ደረቅ ላይ የሚኖረውን በደረቅ፣ ውሃ ውስጥ የሚኖረውን በውሃ።»

ፑኝዶ ሄደን ለአንድ ጤና ጣቢያ የውሃ ማጠራቀሚያ ስንለስን የሆነውን አልረሳም። ሥራውን ያሠሩት ሰዎች የምረቃ ቀን ቆርጠው፣ ድንኳን ሁሉ ተክለው ነበር። ጋሽ ታደሰ ማጠራቀሚያውን ሞላውና ጎኑ ወንበር አስቀምጦ ተቀመጠ። የውሃው ጠርዝ ላይ በጣቱ ምልክት አድርጓል። ወጣቱ መሐንዲስ ቢለምነው፣ ቢቆጣው፣ «አባባ፣ እንግዶች እየመጡ ነው» ቢለው፣ «መጀመሪያ ውሃው ይመርቀው» ብሎ ወይ ፍንክች። እንግዶቹ መጥተው ድንኳኑ ሥር ቁጭ ብለው ጠበቁ። ውሃው ከምልክቱ አልወረደም፤ ያኔ ተነሥቶ እጁን ታጠበ። እኔ በዚያን ጊዜ አፈርኩበት። ሰዎች ፊት ግትር መስሎ ታየኝ። አሁን ሳስበው በራሴ ነው የማፍረው።

በኋላ ጋምቤላ ከተማ ገብተን በክልሉ መሥሪያ ቤት ተቀጠርን። ጋሽ ታደሰ አርጅቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ፎርማንነቱ ለእኔ ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ ማረፉን ሰማሁ። ደመወዙ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነው፤ የሚሞላው ወረቀት ብቻ ነው ከደመወዙ የሚበልጠው። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ ሥራ የሚረከበው ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት እያየ ነበር። ሌላኛው ደግሞ ግድግዳ በጣቱ ጠቅ ጠቅ ሳያደርግ አያልፍም፤ ምን እንደሚሰማ ግን እግዜር ይወቅ።

ከእኔ እኩል የልስን ማንኪያ የሚይዝ አንድ ሰው ነበር፤ ኦጁሉ። የአቦቦ ልጅ፣ አኙዋክ፣ ሳቂታ። ሴራሚክ ሲደረድር መስመሩ እንደ ክር ቀጥ ይላል። ዕረፍት ወስደን የግል ሥራ ስንሠራ ሁልጊዜ አብረን ነን። ሁለታችንን የሚለየን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ ባሮ ውስጥ ዓሣ ነው፣ እኔ ደግሞ ውሃ ከቁርጭምጭሚቴ ካለፈ ጉልበቴ ይብረከረካል። የደጋ ሰው ነኝ። ዕድሜ ልኬን ውሃ የሚይዝ ነገር ስሠራ ኖሬ አንድም ቀን ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

ጋሽ ከማል በጨርቅ ንግድ ከተማው መሃል የታወቁ ሰው ናቸው። ኋላ ሆቴል ሠሩና ግቢው ውስጥ መዋኛ ገንዳ አስቆፈሩ። ማጠናቀቂያውን ለእኔና ለኦጁሉ ሰጡን። በነጭ ሲሚንቶ ለሰንነው፤ ሲያልቅ ወተት መሰለ። አቤት ኩራቴ! ሰው እየጠራሁ አሳይ ነበር።

ክረምት ገባ። የከተማው ውሃ ከባሮ ነው የሚመጣው፤ ባሮ ደግሞ ክረምት ሲሆን ደጋውን አጥቦ ይዞ ይወርዳል። ያ ነጭ ወለል ጭቃውን ጠጥቶ ቡናማ ሆነ። ቢፈተግ አይለቅም። ከተማው ወዲያው ስም አወጣለት፦ «ሻይ»። ባጃጅ ላይ ስሳፈር ነጂው ዞር ብሎ «ጋሽ አሰፋ፣ ሻዩ ፈላ?» ይለኛል። ገበያ ስገባ «ስኳር ይጨመርበት?» ይሉኛል። ኦጁሉ አብሯቸው ይስቃል። ጋሽ ከማልም ይስቃሉ፤ «ይበሉ፣ ምን ቸገረኝ፣ እናጥበዋለን» ይላሉ። እኔ ግን አንጀቴ ይቃጠል ነበር። እንቅልፍ እንኳ ነሥቶኛል ብል ማጋነን አይደለም፤ በወለል ቀለም!

ለማጠብ ገንዳውን እያደረቁ በዚያ ፀሐይ ሲተዉት ልስኑ መሰነጣጠቅ ጀመረ። አዲስ ወለል ያስፈልገዋል ተባለ። አሁን ነው ስሜን የማድሰው አልኩ።

ዕቃ አመራረጤ ላይ ማንም አቃቂር አያወጣም፤ ጋሽ ታደሰ ቢያየኝ በኮራ። ቀለም ቀብቼ የብረት ጣሪያ ላይ አስቀመጥኩ፤ በሳምንቱ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ተላጠ፣ ጣልኩት። እዚሁ ሱቅ የሚሸጠውን አብረቅራቂ የሳሎን ሴራሚክ አርጥቤ ኦጁሉ በባዶ እግሩ ቆመበት፤ ተንሸራቶ እኔ ላይ ወደቀ፣ እሱንም ጣልነው። በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። አንዱ የነጭ ዕብነ በረድ ፍርፋሪ ከነጭ ሲሚንቶ ጋር ተለውሶ የሚለሰን፤ ጠንካራ ነው፣ አይላጥም፣ እግር ይይዛል። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ትንንሽ፣ ሻካራ፣ ጥቁር አረንጓዴ ሴራሚክ፤ እሱም ጠንካራ ነው፣ አይላጥም፣ እግር ይይዛል። ልዩነታቸው ቀለም ብቻ ነበር።

ጋሽ ከማል ነጩን ወደዱ። «ገንዳ ነጭ ሲሆን ነው ደስ የሚለው» አሉ።

«እንደገና ሻይ ሊሉን?» አልኩ።

«ይበሉ አልኩህ እኮ።»

«ጋሽ ከማል፣ ይህኛው ጭቃ አያሳይም። ውሃው ምንም ይሁን ምን ወለሉ ንጹሕ ይመስላል። ለሆቴልዎ ስም ነው የምለው።»

ለሆቴሉ ስም! የአፌን ቅጥፈት ተመልከቱ። ለራሴ ስም ነበር።

ሴራሚኩን በባልዲ ውሃ ነክሬ አሳየኋቸው። እንደ ዕንቁ አበራ። ኦጁሉ ጎንበስ ብሎ አየና «እኔ እግሬን ማየት እወዳለሁ» አለ።

«ባሮ ውስጥ እግርህን ታያለህ እንዴ?» ብዬ ሳቅሁበት።

«ባሮ ውስጥ አላይም። ግን ባሮ ውስጥ አዞ አለ፣ ስለዚህ እርስ በርሳችን እንጠባበቃለን። አንዱ ሲገባ አንዱ ይቆጥራል። እዚህ ማን ይቆጥራል?»

«እዚህ ምን አዞ አለና!» አልኩት። እሱም ሳቀ፤ ነገሩን አልገፋበትም። በባልዲው ያለው ውሃ ከጉድጓድ የተቀዳ የጠራ ውሃ ነበር፤ ጥልቀቱም አንድ ክንድ አይሞላም። የባሮን የክረምት ውሃ፣ የገንዳውን ጥልቀት አስመስዬ አላየሁትም። ውሃ ውስጥ ገብቶ ለማያውቅ ሰው ወለል ማለት ቆሞ የሚያየው ነገር ነው። ጋሽ ከማል በመጨረሻ «አንተ ባለሙያ ነህ» ብለው እጅ ሰጡ።

ሙሉቀን ከአጥሬ ማዶ የሚኖር የሒሳብ መምህር ነበር። ከደጋ የመጣ፣ እንደ እኔ ውሃ የሚፈራ፣ ግን እንደ እኔ ፍርሃቱን ተቀብሎ የማይቀመጥ። «ባሮ ለእነ ኦጁሉ፣ ገንዳው ለእኛ» ይል ነበር። ሥራው እስኪያልቅ አላስቀምጥ አለኝ። ማለዳ ማለዳ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ገንዳው አለቀ?» ይለኛል። በዚህ ዕድሜው ዋና ሊለምድ! ፀሐይ «ጅል ሽማግሌ» እያለች ትስቅበታለች፤ ፎጣ ግን ገዝታለታለች።

የመክፈቻው ቀን የበዓል ከሰዓት በኋላ ነበር። ክረምት ስለነበር ውሃው ደፍርሷል፤ ግን በጥቁሩ ወለል ላይ ድፍርሱ አይታወቅም። የተኛ ሐይቅ ነው የሚመስለው። ሰው ሁሉ አደነቀ። «ሻይ» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ልጆቹና ወጣቶቹ ዋኝተው ምግብ ወደቀረበበት ዳስ ሄዱ፤ ሙዚቃው እዚያ ነው። ሙሉቀን ጥልቀት በሌለው በኩል፣ ወገቡ ድረስ ገብቶ እየተንቦጫረቀ ነበር። እጁን አውለበለበልኝ። እኔ ንጹሕ ልብሴን ለብሼ፣ ደረቴን ነፍቼ ጋሽ ከማልን ይዤ ጠርዙን እዞራለሁ።

ገንዳው መሃል ላይ ወለሉ ወደ ጥልቁ ያዘቀዝቃል። ነጭ ወለል ቢሆን ኖሮ የት ላይ እንደሚያዘቀዝቅ ቀለሙ ይነግር ነበር፤ ጥልቁ ጋ ይጠቁራልና። በጥቁር ወለል ላይ ግን ሁሉም አንድ ነው። ሙሉቀን አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዷል። ያ ብቻ ነው ያደረገው። አልጮኸም፤ የሚሰምጥ ሰው አይጮኽም ሲል ኋላ ኦጁሉ ነገረኝ።

እኔ ያን ጊዜ ጥልቁ በኩል ቆሜ ለጋሽ ከማል «ይመልከቱ፣ ከታች አንዲት ነገር ትታያለች?» እያልኩ ነበር። እሳቸውም አዩና «ምንም» አሉ።

ፀሐይ ፎጣውን ይዛ መጣች። «መምህር የት ሄደ?»

ጫማው ጠርዙ ላይ ነበር። ውሃውን አየሁት። ልክ በእግሬ ሥር ያለውን ውሃ፣ ከዚህ ከዓይኔ እስከዚያ ከወለሉ ድረስ አየሁት። «ውሃው ባዶ ነው፣ አይታይሽም? ሽንት ቤት ሄዶ ይሆናል፣ እዚያ ፈልጊው» አልኳት።

ሄደች። በኔ ቃል ሄደች። ሽንት ቤቱን፣ ዳሱን፣ መኪና ማቆሚያውን ዞረች። ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። «የለም» አለች። «ጫማውን ትቶ የት ይሄዳል?» ኦጁሉ ከዳሱ ብቅ ሲል ያን ጫማ አየና ከነልብሱ ዘለለ። እሱም ከላይ ሆኖ ምንም አላየም፤ ወለሉን በእጁ እየዳሰሰ ነው የፈለገው። አንዴ ወጣ፣ ተነፈሰ፣ እንደገና ወረደ። ፀሐይ ጠርዙ ላይ ተንበርክካ ውሃውን በእጇ ትመታለች። እኔስ? እኔ ቆሜ ነበር። መዋኘት አልችልም፤ ቆሜ ነበር።

ኦጁሉ ያወጣው እኔ ቆሜበት ከነበረው ቦታ ሥር ነው።

ነፍሱ ተመለሰች። ሐኪሞቹ ብዙ ደከሙ፣ ጋሽ ከማልም ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ሁሉ አደረጉ፣ አዲስ አበባ ድረስ ተወሰደ። የተመለሰው ሙሉቀን ግን የሄደው ሙሉቀን አልነበረም። ስም ይጠፋዋል። የጀመረውን አይጨርስም። ያ ጥቁር ሰሌዳ ሙሉ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ጠመኔ ይይዝና ለምን እንደያዘው ይረሳል። ማስተማሩ በዚያው ቀረ።

አንድ ነገር ግን አልረሳም። ማለዳ ማለዳ በአጥሩ ላይ ብቅ ይልና ያን የድሮውን ፈገግታ ፈገግ ብሎ «ገንዳው አለቀ?» ይለኛል።

ምን ልበለው? «ገና ነው መምህር» እለዋለሁ። «በርታ» ይለኛል። ይህ ለዓመታት የማለዳ ሰላምታችን ነው። ከቤት የምወጣበትን ሰዓት ብቀይርም እሱ ይጠብቀኛል።

ፀሐይ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ። ከአዲስ አበባ በተመለሱ ሰሞን ነው። «ያን ወለል የመረጥከው አንተ ነህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «ጋሽ ከማል ነጭ ፈልገው ነበር የሚባለው እውነት ነው?» «እውነት ነው» አልኳት። በሯን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ሰላምታ አልነፈገችኝም፤ ጨው ሲያልቅባት ትጠይቃለች፣ ስታመም መጥታ ትጠይቀኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሽ ከማል ገንዳውን አድርቀው ዘጉት። ኦጁሉ «የደረደርኩት እኔም ነኝ» ይለኛል ሊያጽናናኝ ሲፈልግ። አያጽናናኝም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የጋሽ ከማል ልጅ ሐያት ቤቴ ድረስ መጣች። አባቷ ስለደከሙ ሆቴሉን የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ ያ ሁሉ ሲሆን ለትምህርት ሌላ አገር ነበረች። ገንዳውን አዲስ ወለል አልብሳ ልትከፍተው ፈልጋለች። «አባዬ ከእርስዎ በቀር ማንም አይንካው ብሏል» አለችኝ።

ጋሽ ከማል እንደዚያ ማለታቸው ራሱ ጎኔን ወጋኝ። «ጉልበቴ ደክሟል፣ ዓይኔም» አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ጉልበቴ ምንም አልሆነ። ሐያት አላስቸገረችኝም። ስትነሣ ስልኳን አወጣችና «ይህንን ነው የመረጥነው፣ እንዴት ያዩታል?» አለች። ፎቶው ላይ ያለው ሴራሚክ ጥቁር ነው። ልቅም ያለ ጥቁር። «ልክ እንደ ሐይቅ ይሆናል፣ ለፎቶም ያምራል» አለች።

ዝም አልኩ። እንደገና እጽፈዋለሁ፦ ዝም አልኩ። እኔ ማን ነኝና ስለ ገንዳ ወለል አፌን የምከፍተው ብዬ፣ አፍሬ፣ አንገቴን ደፍቼ «ጥሩ ነው» አልኩና እስከ በር ሸኘኋት።

ይህን ለኦጁሉ ነገርኩት፣ ኦጁሉ ለፀሐይ ነገራት። በማግስቱ ፀሐይ ሳታንኳኳ ገባች።

«ጋሽ አሰፋ፣ ጥቁር ሴራሚክ አሳየችህና ዝም አልክ?»

«ምን አፍ አለኝ ብለሽ ነው ፀሐይ? እኔ እኮ አፍሬ...»

«አፍረህ?» ድምፅዋ ቤቱን ሞላው። «ማፈርህ ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ልብስ ያጥብልኛል? ባሌን ያናግርልኛል? ስንት ዓመት ሙሉ አንገትህን ደፍተህ በበሬ ስታልፍ አይሃለሁ፤ ይህ ሰው ተጸጽቷል እላለሁ። ለካ ተደብቀህ ነው! የሌላ ሰው ባል እዚያ ሊገባ አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ ታፍራለህ?»

ጫማዬን ፈለግሁ። አንዱ አልጋ ሥር ገብቶ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ስዳብስ ቆማ ጠበቀችኝ፣ ስወጣ ደግሞ በሬን ራሷ ዘጋችው።

ሐያት ትዕግሥተኛ ሴት ናት፤ ሆቴሉ ድረስ ሄጄ ነጩን አድርጊ ስላት አዳመጠችኝ። ነጩ ይቆሽሻል አለች፣ እኔም ይቆሽሻል አልኳት። እንግዶች ቆሻሻ ነው ይላሉ አለች፣ ይበሉ አልኳት። በቃል ብቻ እንደማትረታ ሳይ ግን ሁለት ናሙና ሠራሁ፤ አንዱ ሳንቃ ላይ ጥቁሩን ሴራሚክ፣ አንዱ ላይ ነጩን የዕብነ በረድ ልስን። በሁለቱም ላይ የኦጁሉን አሮጌ ቡናማ ጫማ አሰርን። ረጅም በርሜል በባሮ ውሃ ሞልተን በገመድ አወረድናቸው። ሐያት ጎንበስ ብላ አየች። በአንዱ ጫማው ይታያል፤ በሌላው ገመዱ ብቻ ነው ወደ ጨለማ የሚወርደው። ብዙ ጊዜ አየች። ከዚያ «መምህር ሙሉቀን እንዲህ ነበር?» አለች። «እንዲህ ነበር» አልኳት።

ገንዳው ውስጥ የነበረውን የድሮውን ጥቁር ሴራሚክ እኔና ኦጁሉ በመሮ ነቀልነው። ለእኔ ዕድሜ የሚሆን ሥራ አይደለም፤ ጥፍሬ ደማ፣ ወገቤ ተቆረጠ፤ ግን አንዷን እንኳ ለሌላ ሰው አልተውኩም። ነጩን ለሰንን። ደረጃዎቹ ጫፍ ላይና ወለሉ ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት መስመር ብቻ ጠቆር ያለ ሴራሚክ አስገባን፣ እግር መቆሚያው የት እንደሚያልቅበት ዓይን ቀድሞ እንዲያውቅ። የሚገባው ውሃ ጭቃው መጀመሪያ በሮቶ ታንከር ውስጥ እንዲዘቅጥ አስደረግሁ። ያም ሆኖ ክረምት ነውና ሲሞላ ውሃው ፈዛዛ ቡናማ ሆነ። የሆቴሉ ዘበኛ ገና ሲያየው «ጋሽ አሰፋ፣ ሻዩ ተመልሶ መጣ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምንም አልመሰለኝም።

ከመከፈቱ በፊት ሰው ገብቶ ይታይ አልኩ። ኦጁሉ ሸበቶ ሆኗል፤ ውሃ ውስጥ ግን ያው ነው። ፀሐይንም ጠራኋት። መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ያን ቀን ቆሜበት በነበረው በጥልቁ በኩል። ኦጁሉ ትንፋሹን ሳበና ወረደ፣ ወለሉ ላይ በጀርባው ተኛ።

ታየ። ሁሉ ነገሩ ታየ። የእግሩ ጣቶች፣ የሱሪው ቁልፍ፣ የተከፈቱ ዓይኖቹ። ጎንበስ ማለት አላስፈለገኝም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ ሥራው ሠመረ፣ ከእንግዲህ ማንም እዚያ ወድቆ አይቀርም እላለሁ ብዬ። ደስ አላለኝም። ይህን ያህል ቀላል ነበር ለካ! ይህን ያህል ብቻ ነበር የጎደለው። ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ።

ኦጁሉ ወጥቶ ሲተነፍስ ፀሐይ ዓይኗን ከወለሉ ሳትነቅል ጠየቀችኝ።

«ያን ቀን እንዲህ ቢሆን ኖሮ ሽንት ቤት ፈልጊው ትለኝ ነበር?»

«አልልሽም ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች፤ የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ሙሉቀን ደግሞ «ብላ» ካላሉት መራቡን አያውቅም።